ጥቁር ወንድና የዱር ቀለም ሴት ነጭ ግልገል ወለዱ፤ አባቱ ማን ይሆን?

ሐር ጆሮ (ክሩን የጀመረችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥንቸል ማርባት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጥያቄዬ ቀላል ከመሰላችሁ ታገሱኝ።

ሴቷ የዱር ቀለም ናት። ጀርባዋ ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ ሆዷ ነጣ ያለ። ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥቁር ነው፤ አንድ ነጭ ፀጉር አይገኝበትም። የሁለቱም ዓይን ቡናማ ነው። ጠዋት ወንዱ ጋ ወስጄ አስጠቃኋት፤ በ31ኛው ቀን 7 ወለደች። ሁሉም ደህና ናቸው።

አሁን 13 ቀናቸው ነው፤ ዓይናቸው ተከፍቷል። ሦስቱ ጥቁር፣ ሁለቱ እንደ እናታቸው፣ አንዷ አመድ የመሰለች ዳለቻ። የዳለቻዋ ዓይን ወደ ግራጫ ያደላል። ሰባተኛው ግን ነጭ ነው፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ። ዓይኑ ሮዝ።

ያስጨነቀኝ የሚከተለው ነው። ከጎን ያለው ኬጅ ውስጥ ሌላ ወንድ አለኝ። ነጭ ሆኖ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ እግሩና ጭራው ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ። ያስጠቃሁበት ዕለት ማታ መሸጎሪያው ላልቶ ሴቷን እሱ ጋ አገኘኋት። ስንት ሰዓት እንደቆየች አላውቅም። ጥቁሩን የሸጠልኝ ሰው ደግሞ "ንጹህ ዘር ነው" ብሎኝ ነበር። ነጩ ግልገል የማን ነው? ጥቁሩስ እውነት ንጹህ ነው?

ባለ 30 ኬጅ

እህቴ፣ ነጩ የነጩ ነው። ምኑ ያጠያይቃል? ሁለት ባለቀለም ከየት አምጥተው ነጭ ይወልዳሉ?

ይልቅ መቼ ነው መልሰሽ የምታስጠቂያት? 13 ቀን ሆኗታል ብለሻል። እኔ በ11ኛው ቀን ነው የማስጠቃው።

ጠመኔ

ባለ 30 ኬጅ፣ በመጀመሪያው ነገር አልስማማም። ሁለት ባለቀለም ጥንቸሎች ነጭ መውለድ ይችላሉ፤ በየጊዜውም ይወልዳሉ። ሐር ጆሮ፣ ዘርዘር ላድርግልሽ።

ማንኛውም ጥንቸል ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለልጁ የሚያስተላልፈው አንዱን ብቻ ነው። የትኛው እንደሚያልፍ ዕጣ ነው። አንዱ ቅጂ ገዢ ሌላው ድብቅ ከሆነ፣ በዓይን የምናየው ገዢውን ነው። ድብቁ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም።

የጥንቸል ቀለም በዋናነት በአምስት ቦታ ይወሰናል። አርቢዎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ይሏቸዋል። ኤ የፀጉሩን አነባበር ይወስናል። የእናቲቱን ጀርባ እፍ ብለሽ ፀጉሩን ክፈቺው፤ ከሥር ዳለቻ፣ መሃል ላይ ቢጫ ቀለበት፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ታይዋለሽ። ያ የዱር ቀለም ነው፤ አጉቲ ይባላል፤ ገዢ ነው። የጥቁሩን እፍ ብትይ ቀለበት የለውም። ቢ ጥቁር ወይም ቸኮሌት ያደርጋል። ዲ ደማቅ ወይም የደበዘዘ። ጥቁር ሲደበዝዝ ያንቺ ዳለቻ ይሆናል። ቸኮሌት ሲደበዝዝ ሊላክ የሚባለው ሐምራዊ የሚመስል ግራጫ ይመጣል። ኢ ጥቁሩ ቀለም በፀጉሩ ላይ ምን ያህል ይስፋፋ የሚለውን ይይዛል፤ ብርቱካናማ ጥንቸል የሚገኘው እዚያ ነው።

የአንቺ ጉዳይ ያለው ሲ ላይ ነው። ሲ ቀለም ይኑር አይኑር ይላል። እዚህ ቦታ ሁለት ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ቅጂ አለ፤ በደረጃ ተሰልፈዋል። ከላይ ሙሉ ቀለም፣ ቀጥሎ ቺንቺላ (ብርማ ግራጫ)፣ ቀጥሎ ሴብል (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ ቀጥሎ ሂማሊያ (ነጭ ሆኖ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ እግሩና ጭራው ጥቁር)፣ ከሁሉም በታች ፍጹም ነጭ፣ ማለትም አልቢኖ። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይሸፍናል። ስለዚህ ጥቁሩ ወንድ አንድ ሙሉ ቀለምና አንድ የነጭ ቅጂ ይዞ ፍጹም ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። እናቲቱም እንደዚሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ከአራት አንዱ ነጭ ይሆናል ብለሽ ጠብቂ። ከ7 አንዱ መሆኑ ከዚህ አይርቅም።

ሐር ጆሮ

ስለዚህ ማታ የተፈጠረው ነገር አያሳስበኝም ማለት ነው?

ጠመኔ

እሱን አላልኩም። ማታው ያሳስባል። ጥንቸል እንደ ላም ድራቷን ጠብቃ እንቁላል አትለቅም። ከተጠቃች በኋላ ነው የምትለቀው፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቆይታ። ጠዋት በጥቁሩ ተጠቅታ ማታ ነጩ ቢያገኛት፣ የሁለቱም ዘር እንቁላሉ ሲመጣ እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ ባንድ ወሊድ የሁለት አባት ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ያ ወንድሽ ከነአፍንጫውና ጆሮው ጥቁርነት ሂማሊያ ነው፤ መልኩ ካሊፎርኒያን ከሚባለው ዝርያ ጋር ይገጥማል። ሂማሊያ ሆኖ ለመታየት ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱም ቅጂው ሂማሊያ ነው፣ ወይ አንዱ ሂማሊያ አንዱ አልቢኖ ነው። ንጹህ ካሊፎርኒያን ከሆነ ሁለቱም ሂማሊያ ነው። እንዲህ ያለ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ ሂማሊያ ያስተላልፋል። ስለዚህ ፍጹም ነጭ ልጅ ሊኖረው አይችልም። የእሱ ነጭ ልጅ አፍንጫው ይጠቁራል።

አሁን 13 ቀኑ ነው ብለሻል። የሂማሊያ ግልገልም ሲወለድ ነጭ ነው። ጥቁሩ በኋላ ነው የሚወጣው። እስከ 4 ሳምንት ጠብቂ። በየቀኑ አፍንጫውንና የጆሮውን ጫፍ በብርሃን እይ። ዳለቻዋን ደግሞ እንዳትረሻት፤ እሷ ከነጩ ይልቅ ብዙ ትነግርሻለች።

ሐር ጆሮ

ዳለቻዋ እንዴት?

ጠመኔ

ዳለቻ ለመሆን የማደብዘዣውን ቅጂ ከሁለቱም ወላጅ መውሰድ አለባት። ካሊፎርኒያን አብዛኛውን ጊዜ ይሄን አይሸከምም። ስለዚህ የዳለቻዋ አባት ጥቁሩ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጥቁሩ ከዚያ ወሊድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ሳይኖረው አይቀርም።

ጭምት

እኔ ስለ ቀለሙ አልገባም፣ መምህሩ ጠመኔ ጨርሰውታል። ባለ 30 ኬጅ ግን በ11ኛው ቀን ማስጠቃት ብለሃልና አንድ ነገር ልበል።

እኔም ጀምሬው ነበር። 31 ቀን እርግዝና ሲደመር 11 ቀን፣ 42 ቀን ዙር። በወረቀት ላይ በዓመት ከ8 በላይ ወሊድ ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ ደህና ነበረች። አራተኛው ላይ ጀርባዋን በእጄ ስዳስስ አከርካሪዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰማኝ። የወለደቻቸው 5 ነበሩ፤ ሁለቱ በማግስቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ግልገሎቹን ጡት ካስጣልኩ በኋላ ነው የማስጠቃው። በ35ኛው ቀን አስጥዬ፣ 66 ቀን አካባቢ ዙር። በዓመት 5 ወሊድ። እናቶቼ ግን ረጅም ጊዜ ያገለግሉኛል።

የሚከብደው ማጥባቱና ማርገዙ ሲደራረብ ነው። ወተቷ ከፍተኛ የሚሆነው በ3ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ ሆድ ከያዘች ሰውነቷ ከየት ያመጣል?

ባለ 30 ኬጅ

ጭምት፣ ያየኸውን አከብራለሁ። ግን 42 ቀን ዙር ስህተት አይደለም፤ ምግቡ ሲያንስ ነው ስህተት የሚሆነው። በ11ኛው ቀን ብታስጠቃና ግልገሎቹን በ30 ወይም በ35ኛው ቀን ብታስጥል፣ ፅንሱ ብዙ መመገብ የሚጀምርበት የመጨረሻው አንድ ሦስተኛ ጊዜ ላይ ስትደርስ ማጥባቷን ጨርሳለች ወይም ልትጨርስ ነው። ከዚያ በፊት ፅንሱ ትንሽ ነው።

በዚህ ዙር እናቶቼን በቡድን ነው የማስጠቃው። ስምንቱን በአንድ ቀን። በአንድ ቀን ይወልዳሉ፣ ግልገሎቹም በአንድ ቀን ጡት ይጥላሉ። አንዷ 12 ወልዳ ሌላዋ 4 ብትወልድ ከብዙዋ አንስቼ ለትንሿ እሰጣለሁ። ይሄን በየተራ የሚያስጠቃ ሰው ማድረግ አይችልም። ሌላው ብርሃን ነው። ቀኑ አጭር በሆነበት ወቅት እናቶቹ ወንድ አይፈልጉም። በቀን 16 ሰዓት ብርሃን እንዲያገኙ አምፖል አበራላቸዋለሁ።

ጭምት

የቡድኑን ነገር ወደድኩት። እኔም ሁለት ሁለት እያደረግኩ ብጀምር ይሻለኛል። ግን ጀማሪ ለሆነች ሰው 42 ቀን አትምከርባት። አከርካሪ መዳሰስ እስክትለምድ ድረስ።

ባለ 30 ኬጅ

እሺ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ሐር ጆሮ፣ የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ ጡት አስጥለሽ ጥቂት ቀን አሳርፊያት።

ቡራቡሬ ወዳጅ

ቡድን ማስጠቃት ካነሳችሁ ከእኔ ልምድ አንድ ነገር ልጨምር። አብረው የሚወልዱ ሁለት እናቶች ስመርጥ ቀለማቸው እንዲለያይ አደርጋለሁ። ለምሳሌ ከነጭ ወንድ የተጠቃች ነጭ እናትና ከጥቁር ወንድ የተጠቃች ጥቁር እናት። ግልገል ካቀያየርኩ በኋላ የማን ልጅ እንደሆነ ምልክት ሳላደርግ አውቃለሁ። ገና ፀጉር ሳያወጡ እንኳን ይለያሉ። የጥቁሩ ልጅ ቆዳው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ጠቆር ያለ ነው፤ የነጩ ሮዝ። ዓይናቸው ሳይከፈትም ጥቁር ዓይን ያለው ግልገል በሽፋኑ ቆዳ ሥር ጠቆር ያለ ነጥብ ይታይበታል። ሮዝ ዓይን ያለው አይታይበትም።

አሁን የራሴ ጥያቄ። ቡራቡሬ በጣም እወዳለሁ። ቡራቡሬን ከቡራቡሬ ጋር ሳስጠቃ ሁሌ አንድ ሁለት ብዙ ነጭ ያላቸው፣ ዓይናቸው ዙሪያና ጆሯቸው ላይ ብቻ ቀለም ያላቸው ይወጣሉ። ከሌሎቹ ይልቅ ቀጭን ሆነው ያድጋሉ። ለምን?

ጠመኔ

ቡራቡሬ የሚያደርገው ቅጂ ኢንግሊሽ ይባላል፤ ገዢ ነው። አንድ ቅጂ ቡራቡሬ ያደርጋል። ሁለት ቅጂ ሲሆን አንተ ያየኸው ነው፤ አርቢዎች ቻርሊ ይሉታል። ቡራቡሬ ከቡራቡሬ ከአራት አንዱ ቻርሊ፣ ሁለቱ ቡራቡሬ፣ አንዱ ድፍን ቀለም ይጠበቃል። ቻርሊ ላይ ትልቁ አንጀት ተለጥጦ በደንብ የማይሠራበት ችግር ይበዛል። ቅጥነቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቡራቡሬን ከድፍን ጋር አስጠቃ። ግማሹ ቡራቡሬ፣ ግማሹ ድፍን፤ ቻርሊ የለም። ቻርሊን ከድፍን ጋር ብታስጠቃ ደግሞ ልጆቹ በሙሉ ቡራቡሬ ይሆናሉ። ግን ቻርሊ ለማግኘት ብለህ ሁለት ቡራቡሬ እንድታገናኝ አልመክርም። እንስሳው ነው የሚጎዳው።

ቡራቡሬ ወዳጅ

ገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በማሳደጌ ሳመካኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አልደግመውም።

ሰማያዊ ዓይን

ነጭ ስትሉ ሁሉም ነጭ አንድ እንዳይመስላችሁ። እኔ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሁለት ነጭ ጥንቸሎች ነበሩኝ። ሴቷ ሮዝ ዓይን፣ ወንዱ ሰማያዊ ዓይን። ነጭ ከነጭ ነጭ ነው የሚወልደው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ስምንት ወለደች። አንድም ነጭ የለም! ጥቁር፣ የዱር ቀለም፣ አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ አንዷ አንድ ዓይኗ ቡናማ ሆኖ ግማሹ ሰማያዊ።

መልሱ እንዲህ ነው። ሮዝ ዓይን ያለው ነጭ የሲ ነጭ ነው። ቀለሙ ስለሌለ ከኋላ ያለው ደም ይታያል፤ ሮዝ የሚሆነው ለዚያ ነው። ሰማያዊ ዓይን ያለው ነጭ ግን ቪዬና የሚባል ሌላ ቦታ ላይ ሁለት ድብቅ ቅጂ የያዘ ነው። ሲው ሙሉ ነው። ሲገናኙ እያንዳንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ፤ ልጆቹ ሁሉ ባለቀለም ሆኑ። ያ የዓይኗ ሰማያዊ ቁራጭ አንድ የቪዬና ቅጂ የያዘ ጥንቸል ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ ምልክት ነው። አንዳንዱ ምንም ሳይታይበት ይሸከመዋል።

ስለዚህ ሐር ጆሮ፣ ዓይኑ ሮዝ መሆኑን በፀሐይ ብርሃን አረጋግጪ።

ሐር ጆሮ

አረጋገጥኩ። ሮዝ ነው። የዳለቻዋ ደግሞ እንደ ዝናብ ደመና ነው። ቀለሙን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፣ በጣም ያምራል።

ጠመኔ

ልክ ነው። ማደብዘዣው ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንም ያደበዝዛል። ቸኮሌት ቀለም ያላት ቢኖርሽ ደግሞ ዓይኗን ወደ ብርሃን ስታዞሪው ከቡናማው ውስጥ ቀይ ብልጭታ ታይ ነበር።

አሮጌ መዝገብ

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ ዘመን አርብቻለሁ። በእኛ ጊዜ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ክፉ ወንድ ያገኛት ሴት ከዚያ በኋላ የምትወልዳቸው ሁሉ የሱ ምልክት ይኖራቸዋል ይሉ ነበር። የሐር ጆሮ ጥንቸል ከነጩ ጋር ካደረች የወደፊት ልጆቿም ይበላሻሉ ማለት ነው? ጥያቄዬ ከልብ ነው።

ጠመኔ

አባቴ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ድሮም ትልልቅ ሰዎች አምነውበት ነበር። አይደለም። የወንዱ ዘር ከዚያ እርግዝና አያልፍም።

በ1890 ዋልተር ሂፕ የሚባል እንግሊዛዊ ማህፀኑ ራሱ ዘርን ይለውጥ እንደሆነ ለማየት አንድ ሙከራ አደረገ። ከአንጎራ ጥንቸል፣ ማለትም ረጅም ፀጉር ካላት፣ ሁለት ገና የጀመሩ ፅንሶችን ወሰደ። ቤልጂያን ሄር በምትባል አጭር ፀጉር ጥንቸል ሆድ ውስጥ አስገባቸው። እሷ ራሷ ከጥቂት ሰዓት በፊት በራሷ ዝርያ ወንድ ተጠቅታ ነበር። ስድስት ወለደች። አራቱ እንደሷ፣ ሁለቱ ግን ፍጹም አንጎራ። ዘጠኝ ወር አይደለም፣ አንድ ወር ሙሉ በሌላ ዝርያ ደምና ምግብ አድገው አንዲት ፀጉር አልለወጡም። ስለዚህ ቀለም የሚወሰነው እንቁላሉና ዘሩ የተገናኙባት ቅጽበት ላይ ነው።

አሮጌ መዝገብ

እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሳልሰማ ስንት ደህና ሴት አስወግጃለሁ።

ሐር ጆሮ (ከ2 ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። አሁን 27 ቀናቸው ነው። የነጩ አፍንጫ ጠቁሯል! መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። የጆሮው ጫፍም እንደ ጭስ ሆኗል። አንድ ሌላ ነገር፦ ጀርባው ላይ ቀለል ያለ ግራጫ ጥላ አለው። ይሄስ ምንድን ነው? ታሟል?

ጠመኔ

አልታመመም። ሂማሊያ ነው። ግራጫው ብርድ ነው።

የሂማሊያ ቅጂ የሚሠራው የቀለም ፕሮቲን ሙቀት አይችልም። ሰውነት ሞቃት በሆነበት ቦታ አይሠራም፤ ነጭ ይሆናል። ቀዝቀዝ ባለበት፣ ማለትም አፍንጫ፣ ጆሮ፣ እግር፣ ጭራ ላይ ይሠራል፤ ጥቁር ይሆናል። አንድ ዝነኛ ሙከራ አለ። የሂማሊያ ጥንቸል ጀርባ ተላጭቶ እዚያ ላይ በረዶ ከታሰረ፣ የሚበቅለው አዲስ ፀጉር ጥቁር ነው። ያንቺ ግልገል ትንሽ ሳለ ሳጥኑ ውስጥ በርዶት ነበር ማለት ነው። ምናልባት ከሌሎቹ ተለይቶ ዳር ላይ ተኝቶ ይሆናል። ሲያድግ የሚተካው ፀጉር ነጭ ይሆናል።

ጭምት

ይሄ ለሚቀጥለው ወሊድ ትምህርት ነው። የመውለጃ ሳጥኑን በ28ኛው ቀን አስገቢ፣ ከዚያ በፊት አይደለም፤ ሽንት ቤት ታደርገዋለች። ደረቅ ጭድ አብዢለት። ከደረቷና ከሆዷ የነጨችውን ፀጉር ከግልገሎቹ ላይ አታንሺ። በቀን አንዴ ነው የምታጠባቸው፣ ለጥቂት ደቂቃ፤ ቀሪውን ጊዜ የሚያሞቃቸው ያ ፀጉርና እርስ በርስ መጠጋጋታቸው ነው። "አታጠባም" ብለሽ አትደንግጪ። ሆዳቸው ጠብደል ካለ ጠግበዋል።

ሐር ጆሮ

ስለዚህ ነጩ የዚያ ወንድ ልጅ ነው? ጥቁሩስ?

ጠመኔ

አሁን ሁለት ነገር ይቻላል። ወይ አባቱ ያ ሂማሊያው ነው፣ ወይ ጥቁሩ ራሱ የሂማሊያ ወይም የአልቢኖ ቅጂ ደብቆ ይዟል። በሁለቱም መንገድ እናቲቱ ሂማሊያ ወይም አልቢኖ ደብቃለች፤ እሱ እርግጥ ነው።

ጥቁሩን ለመመርመር አንድ መንገድ አለ። ሮዝ ዓይን ያላት ፍጹም ነጭ ሴት አለችሽ? ካለችሽ በእሱ አስጠቂያት። እሷ የምትሰጠው አልቢኖ ብቻ ስለሆነ የእሱን ምስጢር አትሸፍንም። ልጆቹ ሁሉ ባለቀለም ከሆኑ እሱ ንጹህ ነው። ግማሹ ፍጹም ነጭ ከሆነ አልቢኖ ይዟል። ግማሹ አፍንጫው ከጠቆረ ሂማሊያ ይዟል። ቅጂውን ይዞ ከ8 ልጅ አንድም ሳያሳይ የመቅረቱ ዕድል ከ256 አንድ ነው። ተራ ባለቀለም ግን ድብቅ ቅጂ ያላት ሴት ብትጠቀሚ ከ10 አንድ ጊዜ ያህል ትሸወጂ ነበር። የነጯ ጥቅም ይሄ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነጭነት ሽፋን ነው። ነጯ ሥሯ ምን እንዳላት አናውቅም። ያልጠበቅሽው ነገር ሊወጣ ይችላል።

ሐር ጆሮ

አለችኝ! ዛሬ ጠዋት አደርገዋለሁ።

ባለ 30 ኬጅ

ከማስጠቃትሽ በፊት ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሴቷን ወንዱ ኬጅ ውሰጃት እንጂ ወንዱን እሷ ጋ አትውሰጂ። በራሷ ቤት ትደባደበዋለች። ሁለተኛ፣ ብልቷን እይ። ነጣ ካለ አትቀበልም፤ ቀይ ከሆነ ጊዜው ነው። ሦስተኛ፣ ጉዳዩ በሰከንዶች ያልቃል፤ ወንዱ ድምፅ አውጥቶ ወደ ጎን ይወድቃል። አይተሽ ታወጫታለሽ። አብራ አታሳድሪያት! ቀኑን ሳትጽፊ ከዚያ አትሂጂ።

ሙቀቱ ከፍ ባለበት ሰሞን ደግሞ ወንዱን ቀዝቃዛ ቦታ አቆይው። ከ30 ዲግሪ በላይ ለቀናት ከቆየ ዘሩ ይበላሻል፤ እስኪያገግም ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። እኔ በዚህ ምክንያት ስድስት እናቶች ባንድ ወር ባዶ ሆነውብኛል። ሁሉንም እናቶች ሳማርር ችግሩ ወንዱ ነበር።

ጭምት

በ12ኛው ቀን አካባቢ ሆዷን በቀስታ ዳብሺ። ወይን ፍሬ የሚያህሉ ለስላሳ እንክብሎች ከተሰማሽ ይዛለች። በ17 ወይም 18ኛው ቀን ፀጉሯን መንጨት ከጀመረች ግን የሐሰት እርግዝና ነው። እሱ ሲያልፍ መልሰሽ አስጠቂያት።

ሐር ጆሮ (ከ2 ወር በኋላ)

ይሄን ክር ፈልጌ አገኘሁት! ነጯ በ31ኛው ቀን 8 ወለደች። ሳጥኑን በ28ኛው ቀን አስገባሁ፤ ጭዱንም አበዛሁ። አሁን 4 ሳምንት ሊሞላቸው ነው።

አምስቱ ባለቀለም ናቸው። ሦስቱ ነጭ ሆነው የአፍንጫቸው ጫፍ ጠቁሯል። ፍጹም ነጭ የለም። ከአምስቱ ደግሞ ሁለቱ ቡራቡሬ ናቸው! ቡራቡሬ በቤቴ ኖሮ አያውቅም።

ጠመኔ

እንኳን ደስ አለሽ። ጥቁሩ ሂማሊያ ይዟል፤ በዚህ አያጠያይቅም። ነጯ ደግሞ ከነጭ ሽፋኗ ሥር ቡራቡሬ ነበረች። ቡራቡሬ ገዢ ስለሆነ ባለቀለም ጥንቸል ላይ ሊደበቅ አይችልም። ጥቁሩ ላይ ስለሌለ የመጣው ከሷ ነው።

የመጀመሪያው ነጭ ግልገል የጥቁሩ ነው ብሎ መማል ግን አይቻልም። ሊሆን እንደሚችል ነው ያረጋገጥነው። ማታ ከተፈጠረው ነገር አንጻር የሁለቱም ስም ይጻፍለት፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት። ለዘር ስትመርጪ እሱን ከእናቱም ከሁለቱ ወንዶች ሴት ልጆችም ጋር አታገናኚው።

የሸጠልሽን ሰው ደግሞ አትቀየሚው። "ንጹህ" ያለው ያየውን ነው። ዓይን ድብቁን አያይም።

ሐር ጆሮ

አልቀየምኩትም። ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ጥንቸል አንድ ገጽ ሰጥቻለሁ። የተጠቃችበት ቀንና ሰዓት፣ ወንዱ፣ የልጆቹ ቀለምና ዓይን። ከጥቁሩ ስም ሥር "ሂማሊያ ደብቋል፣ ማደብዘዣ ደብቋል" ብዬ ጽፌያለሁ። መሸጎሪያውንም ቀየርኩት።

ቡራቡሬ ወዳጅ

ሁለቱ ቡራቡሬዎች ወንድ ናቸው ሴት?

ሐር ጆሮ

አንድ አንድ። ግን እርስ በርስ አላስጠቃቸውም፣ ወንድምና እህት ናቸው። ቻርሊም አልፈልግም።

ቡራቡሬ ወዳጅ

ደስ ይላል። ወንዱን ለማስጠቃት 6 ወር ይሙላው። ሴቷም ለአካለ መጠን ስትደርስ የሚኖራትን ክብደት ሦስት አራተኛ ሳትሞላ አትቸኩዪ። ድፍን ዳለቻ ሴት አለችኝ፤ ለወንዱ ትሆነዋለች። የዳለቻነቱን ቅጂ ከጥቁሩ አባቱ ወስዶ ከሆነ፣ ግማሾቹ ልጆች ዳለቻ ይሆናሉ፤ ከነሱም ግማሹ ቡራቡሬ። ዳለቻ ቡራቡሬ አይቼ አላውቅም።

ሐር ጆሮ

እኔም አላየሁም። ቀኑን ጻፍኩት።